ማጣሪያ መቆለፊያ አይደለም

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ድርጅት ሁሉ ደንበኛውን ያውቃል ማለት አይደለም። መዝገቡ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ ወዲህ ችግሩ የመረጃ እጥረት መሆኑ ቀርቶ የመረጃ ብዛት ሆኗል።

ለዚህ መላ አለው። እንደ ሴልስፎርስ ያሉ የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌሮች ተጠቃሚው የሚፈልገውን ዓምድና መስፈርት መርጦ፣ ስም ሰጥቶ የሚያስቀምጠው የራሱ ዝርዝር እንዲያወጣ ያስችሉታል። ለምሳሌ ሦስት ወር ሙሉ ማንም ያላነጋገራቸው ደንበኞች ብቻ። መዝገቡ ሲለወጥ ዝርዝሩም አብሮ ይለወጣል።

ታዲያ ዝርዝሩን ማን ያውጣው? ለኮምፒዩተር ክፍሉ መተው የተለመደ ቢሆንም አያዋጣም። ዛሬ ለማን መደወል እንዳለበት የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ ዱቤ ሰብሳቢዋም የምትፈልገው ሌላ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ማጣሪያን እንደ መቆለፊያ የሚቆጥሩ ሥራ አስኪያጆች ነገር ነው። በሴልስፎርስ አንድን ዝርዝር «እኔ ብቻ እንዳየው» ማለት ይቻላል። የሚከለለው ግን ዝርዝሩ እንጂ ደንበኛው አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ያንኑ ስም በፍለጋ ያገኘዋል። በኤክሰል ለሚሠራውማ ይብሳል፤ ተጣርቶ በኢሜይል የተላከ ፋይል የተደበቁትን ረድፎች በሙሉ ይዞ ይሄዳል። ተቀባዩ ማጣሪያውን ማንሳት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የገበያ ምስጢር ብቻ አይደለም፤ የደንበኛን መረጃ የያዘ ድርጅት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን ከማሳመሩ በፊት ማን ምን የማየት ፈቃድ እንዳለው፣ ባለፈው ወር የለቀቀው ሻጭ የይለፍ ቃልም ተዘግቶ እንደሆነ ይጠይቅ።