ራሱን የተመታ ልጅ ሁሉ ሲቲ ስካን ያስፈልገዋልን?

ከዛፍ የወደቀ፣ ገና ሲጫወት ሩር ያገኘው ወይም ባጃጅ የገጨው ልጅ ወረታ ሲደርስ ባለሙያው ሊወስን የሚገባው ነገር አለ፤ ልጁ ሲቲ ስካን ወዳለበት ወደ ባሕር ዳር ይላክ ወይስ እዚሁ ይቆይ? መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወጪው ለዘር የተቀመጠን ሩዝ ሊያሸጥ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሲቲ ስካን በኤክስ ሬይ ጨረር የሚሠራ በመሆኑ፣ በማደግ ላይ ባለ አካል የካንሰርን ዕድል በጥቂቱም ቢሆን ይጨምራል። ስለዚህ «ሁሉም ይላክ» የሚለውን አንቀበልም። «ደህና ነው» ብሎ ማሰናበትም በራስ ቅል ውስጥ ቀስ ብሎ የሚደማውን ልጅ ይገድላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኩፐርማንና ባልደረቦቻቸው በላንሴት ያሳተሙት ጥናት በሰሜን አሜሪካ 42,412 ልጆችን መርምሯል። ከባድ የአንጎል ጉዳት የተገኘባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም። ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ንቃቱ ካልተዛባ፣ ራሱን ካልሳተ፣ ካላስመለሰው፣ ብርቱ የራስ ምታት ከሌለው፣ የራስ ቅሉ ወለል የመሰበር ምልክት ካልታየበትና አደጋው ከባድ ካልነበረ (ለምሳሌ ከ1.5 ሜትር በላይ ካልወደቀ) ሲቲ ስካን አያስፈልገውም። ንቃቱ ከተዛባ ወይም የስብራቱ ምልክት ከታየ ግን ከባድ ጉዳት የመኖሩ ዕድል ከመቶ አራት ያህል ስለሆነ ሳይውል ሳያድር መላክ አለበት። ከ2 ዓመት በታች ላሉት መመዘኛው ይለያል፤ «ልጄ እንደ ወትሮው አይደለም» የሚለው የእናት ቃል ራሱ አንዱ ምልክት ነው።

የሚያከራክረን መካከለኛው ነው፤ ለምሳሌ አንድ ጊዜ ያስመለሰው፣ ነገር ግን ነቅቶ የሚያወራው ልጅ። ጥናቱ ለእንዲህ ያለው ልጅ በሐኪም ዓይን ሥር ሰዓታት መቆየትን እንደ አማራጭ ያቀርባል። እኛም ለወረታ የምንመርጠው ይህንኑ ነው፤ መቆየት መሣሪያ ሲጠፋ የሚደረግ ማካካሻ ሳይሆን ራሱ ምርመራ ነውና።

ይሁን እንጂ መመዘኛው እንዳለ አይገለበጥም። ፎገራ ወባማ ሜዳ ነው፤ ትውከቱና ራስ ምታቱ ከወባ ሊመጣ ይችላል። ደሙ ይመርመር፤ ወባ ተገኘ ተብሎ ግን ክትትሉ አይቋረጥ። ደግሞም ጥናቱ የያዘው አደጋው በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጡትን ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ የሚደርሰውን ልጅ አይመለከትም። ክረምት ገብቶ ርብና ጉማራ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ «ቢብስበት መልሱት» ብሎ ወደ ቀበሌው መስደድ ከንቱ ምክር ስለሚሆን፣ መካከለኛው ልጅ ቢያንስ ያችን ሌሊት ከአስፋልቱ ዳር፣ ወረታ ላይ ይደር።