ሱፐርማን የማን ልጅ ነው?

በጁላይ 2025 አዲሱ የሱፐርማን ፊልም ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት ዳይሬክተሩ ጄምስ ገን ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ቃለ ምልልስ ሰጠ። ሱፐርማን ከሌላ ቦታ የመጣ ስደተኛ ነው፣ ታሪኩም የአሜሪካ ታሪክ ነው አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። የፎክስ ኒውስ ሰዎች ተሳለቁበት። ፊልሙን ያላየ ሁሉ ፊልሙ ላይ ተነሳ። ዋይት ሐውስም ፕሬዝዳንት ትራምፕን የሱፐርማን ልብስ አልብሶ ምስል ለቀቀ። በግርግሩ መሀል ሲደጋገም የነበረው ልመና ግን አንድ ነበር፤ ፖለቲካውን ተዉትና የድሮውን፣ ዋናውን ሱፐርማን መልሱልን የሚል።

ልመናው አዲስ አይደለም። የሰውየው የትውልድ ታሪክ በኮሚክ መጽሔት እንደገና በተተረከ ቁጥር ይሰማል። በ1986 ተሰምቷል፣ በ2003 ተሰምቷል፣ በ2024ም ተሰምቷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ችግሩ፣ ዋናውን መልሱ ከሚሉት ብዙዎቹ ዋናውን ያነበቡት አይመስልም። ቢያነቡት ኖሮ ጩኸታቸው ከሌላው ወገን ጋር ይሆን ነበር።

ዋናው ምን ይላል? አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1፣ ጁን 1938። የልጁ አመጣጥ በአንድ ገጽ ተተርኮ ያልቃል። አንድ ሩቅ ፕላኔት አርጅቶ ሲጠፋ አንድ ሳይንቲስት ሕፃን ልጁን በጥድፊያ በሠራት መንኮራኩር ውስጥ አስገብቶ ወደ ምድር ይልከዋል። በመንገድ የሚያልፍ ባለመኪና ያገኘዋል፤ ወስዶም ለሕፃናት ማሳደጊያ ያስረክበዋል። በቃ። ፕላኔቷ ስም የላትም። አባትየው ስም የለውም። ደጉ ገበሬና ደጓ ሚስቱ የሉም። ካንሳስ የለም። ልጁ አድጎም አይበርም፤ የሚችለው የማይል አንድ ስምንተኛ ያህል መዝለል ነው። እውነት፣ ፍትሕና የአሜሪካ መንገድ የሚባለው መፈክርም የለም።

ይህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ክሪፕተን የሚለው ስምና የወላጆቹ ታሪክ በ1939 በጋዜጣ በሚወጣው ተከታታይ ሥዕል ገባ። አሳዳጊዎቹ ኬንቶች በዚያው ዓመት በሱፐርማን ቁጥር 1 ብቅ አሉ። የአሜሪካን መንገድ የጨመረው በ1942፣ አገሩ ጦርነት ላይ እያለ፣ የሬዲዮው ድራማ ነው። ካንሳስን ያጸናው የ1978ቱ ፊልም ነው። እንግዲህ አንባቢው ዋናው ብሎ የሚሟገትለት ብዙ ጊዜ እንደገና የተተረከውን ነው፤ ለእሱ ዋናው በአሥራ ሁለት ዓመቱ እጁ የገባው ነው። መውደዱ አይነቀፍም። የራሱን ልጅነት የ1938 ገጽ ነው ብሎ ሲያቀርብ ግን ዝም ሊባል አይገባም።

ያንን ገጽ የሠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ፤ የሚኖሩት ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ነው። የሲገል ቤተሰብ ከሊቱዌኒያ የመጣ ነው። ሹስተር ራሱ የተወለደው ቶሮንቶ፣ ካናዳ ነው። የሲገል አባት በ1932 ልብስ መሸጫ ሱቁ ሲዘረፍ እዚያው ወድቆ ሞተ። የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ ለሚመጣ ሰው የአሜሪካን በር አጥብቦታል፤ በ1938 ከሂትለር ሊያመልጥ የፈለገ አይሁዳዊ ያንኑ በር እያንኳኳ ነበር። በዚያው ዓመት ነው ዓለሙ የጠፋበት፣ ወላጁ ብቻውን የላከው፣ ወረቀት የሌለው የማሳደጊያ ልጅ ጀግና ሆኖ መጽሔት መሸጫ ላይ የተሰቀለው። ፖለቲካ አታስገቡ የሚለው ሰው ከየትኛው ገጽ ሊያስወጣው ነው? (ለሁለቱ ወጣቶች የተከፈላቸው መብቱን ጨምሮ 130 ዶላር ነበር። እሱ ለብቻው ሌላ ጉድ ነው።)

ልብ ወለድ ነው፣ እንደፈለጉ ይቀያይሩት የሚለው ሌላው ወገንም በዚህ አይድንም። ሁሉም ለውጥ እኩል አይደለም። አንባቢ ሊቆጣበት የሚገባ ለውጥ አለ፤ የሚያሳዝነው ቁጣው ብዙ ጊዜ እሱን ስቶ ሌላ ቦታ መውደቁ ነው።

በ1986 ዲሲ ኮሚክስ ታሪኮቹን ከሥር አጽድቶ ሲጀምር ሱፐርማንን ለጆን በርን ሰጠው። በርን ስድስት ቁጥር ባለው «ዘ ማን ኦፍ ስቲል» ብዙ መልካም ነገር ሠርቷል። አሳዳጊ ወላጆቹን ልጁ ካደገም በኋላ በሕይወት አቆያቸው። ክላርክ ኬንትን ከፈሪ አስመሳይነት አውጥቶ ሰው አደረገው። ዛሬም ድረስ የእኔ ሱፐርማን ይሄ ነው የሚል የአንድ ዘመን አንባቢ አለ፤ ምክንያትም አለው።

በዚያው ሥራ ግን ሁለት ነገሮች ከታሪኩ ወጡ። አንደኛ፣ ሕፃኑ ክሪፕተን ላይ ተወልዶ አልመጣም። በርን የላከው ጽንሱን ነው፤ ማኅፀን በመሰለ ዕቃ ውስጥ አድርጎ። ዕቃዋ የተከፈተችው ካንሳስ ነው። ስለዚህ ልጁ አሜሪካ ተወለደ። ሁለተኛ፣ ኬንቶች ልጁን ለማሳደጊያ አልሰጡም፣ ከማሳደጊያም አልወሰዱም። በረዶ መንገድ ዘግቶባቸው ለወራት ከሰው ተለይተው ስለነበር ማርታ ወለደች ብለው ለጎረቤት አወሩ፤ አገሩም አመናቸው።

አስተውሉ። ከሌላ ዓለም የመጣው ልጅ የአገር ተወላጅ ሆነ፣ የማደጎው ልጅም የአብራክ ልጅ ተባለ። ክሪፕተን ደግሞ ሰው ከሰው የማይነካካባት ቀዝቃዛ ዓለም ተደረገች፤ ልጁ የሚናፍቀው ነገር እንዳይኖር። የሚገርመው በርን ራሱ እንግሊዝ ተወልዶ ካናዳ ያደገ ሰው ነው። ወረቀት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ለጀግናው ወረቀት አወጣለት ማለት ይቻላል። በቀና ልብ ሊሆን ይችላል። የሚወጣው ትርጉም ግን የእኛ ነው ለመባል እዚሁ መወለድና ከእኛው መወለድ ያስፈልጋል የሚል ነው። የ1938ቱ ገጽ እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ አልነበረበትም።

ጉዲፈቻ በሚታወቅበት አገር ላደገ አንባቢ የኬንቶች ውሸት ከሁሉ በላይ ሊከነክነው ይገባል። በጉዲፈቻ ልጅ የወሰደ ቤት ሚስቴ ወለደች ብሎ በረዶ ማሳበብ አያስፈልገውም። ልጁ ልጅ ነው፤ በአባቱ ስም ይጠራል፣ ይወርሳል፣ ሲጣሉም እንደ ልጅ ይጣላሉ። ኬንቶችን ትልቅ ያደረጋቸው የማያውቁትን ልጅ፣ ከየት እንደመጣ እንኳ የማይገባቸውን ልጅ፣ ልጄ ማለታቸው ነበር። በርን ከእነሱ የወሰደው ይህንን ነው፤ የበርን ወዳጆች ግን እስከ ዛሬ ኬንቶችን በሕይወት ስላቆየልን እናመሰግናለን ይላሉ።

የዕቃዋ ጉዳይ በ1991 ፍሬ አፈራ። በዚያ ዓመት በወጣ የአክሽን ኮሚክስ ዓመታዊ እትም ሱፐርማን ፕሬዝዳንት ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ፕሬዝዳንቱ ተወላጅ ዜጋ ይሁን ይላል። ታሪኩ እንዴት ተወጣው? ዕቃዋ የተከፈተችው በአሜሪካ ምድር ነውና ሰውየው ተወላጅ ነው በሚል። ያኔ እንደ ብልሃት ታልፎ ይሆናል። ዛሬ ግን እንደ ዜና ነው የሚነበበው። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዝዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት ከፈረሟቸው ትዕዛዞች አንዱ፣ እናቱ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ያለች፣ አባቱም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሕፃን አሜሪካ ስለተወለደ ብቻ ዜጋ አይሆንም የሚል ነበር። ትዕዛዙ ወዲያው ፍርድ ቤት ተወሰደ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል በተማሪ ቪዛ ተቀምጣ ለምታረግዝ የእኛ አገር ሴት ይህ የኮሚክ ጨዋታ አይደለም። በትዕዛዙ ሚዛን ካስቀመጥነው በርን ያወጣው ወረቀትም ዋጋ የለውም። የልጁ ወላጆች ቪዛም ግሪን ካርድም አልነበራቸውም፤ አገራቸውም አልነበረችም።

በ2011 የሆነውም ሊረሳ አይገባም። አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 900 ላይ ዴቪድ ጎየር በጻፈው አጭር ታሪክ ሱፐርማን ቴህራን ሄዶ ከተቃዋሚ ሰልፈኞች ጋር ይቆማል። ሥራው ሁሉ የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ተደርጎ ስለሚቆጠርበትም ዜግነቱን እንደሚመልስ ይናገራል። ጥቂት ገጾች ናቸው። ቁጣው ግን ከመጽሔቱ አንባቢ አልፎ ቴሌቪዥን ገባ። የወቀሳውን ዓይነት ልብ በሉ፤ ያሳደገውን አገር የካደ፣ ውለታ ቢስ። ለስንት ዓመት የካንሳስ ልጅ ሲባል ኖሮ! እዚያው የተወለደ የገበሬ ልጅ መንግሥቱን ሲነቅፍ ውለታህን መልስ አይባልም። ይህ ቃል የሚወጣው ለእንግዳ ነው። ስደተኛ አይደለም ብሎ የሚከራከረው አንባቢ፣ ሰውየው አንድ ቀን ሲያኮርፍ ስደተኛነቱን ራሱ አስታወሰው።

በ2003 ማርክ ዌይድና ሠዓሊው ሊኒል ዩ «በርዝራይት»ን ሲጀምሩ ልጁ እንደገና ከክሪፕተን ተወልዶ መጣ። ታሪኩ ስለ ክላርክ ማውራት የሚጀምረው አሜሪካ ላይ አይደለም፤ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ክላርክ ገና ስም ያላወጣ፣ ቋሚ መሥሪያ ቤት የሌለው ዘጋቢ ሆኖ፣ ለወገኖቹ መብት የሚታገለውን ኮቤ አሱሩን ይከተላል። ሰዎቹ የአባቶቻቸውን ልብስ በኩራት ሲለብሱ ያያል። ኮቤ ይገደላል፤ ክላርክ አላዳነውም። ቤቱ ተመልሶ የራሱን የትውልድ ልብስ የሚለብሰው ከዚያ በኋላ ነው። ወቀሳ አያጣውም፤ አፍሪካዊው ሞቶ ፈረንጁ የሚነቃበት ታሪክ የታከተ አንባቢ ፊቱን ቢያዞር ትክክል ነው። ሆኖም ልጁን ከየት መጣህ ብሎ የጠየቀ፣ መልሱንም እንደ ውርስ የሰጠው ሥራ ይህ ነው። በወቅቱ ከተሰሙት ቅሬታዎች ጎልቶ የወጣው ግን ስለ ኮቤ አልነበረም፤ በርንን ለምን ነካችሁ የሚል ነበር። በ2009 ጄፍ ጆንስ «ሲክሬት ኦሪጅን» ብሎ ሌላ አመጣ፤ ጨዋ ሥራ ነው፣ ማንንም አላስቀየመም፣ ብዙ የሚባልለትም የለም።

አሁን የተያዘው ጠብ በ2024 መጨረሻ በጀመረው «አብሶሉት ሱፐርማን» ላይ ነው። ጸሐፊው ጄሰን አሮን፣ ሠዓሊው ራፋ ሳንዶቫል። እዚህ ልጁ ሕፃን ሆኖ አይደለም የመጣው። ክሪፕተንን ያውቃታል፤ ቋንቋዋን፣ ትምህርት ቤቷን፣ ወላጆቹ እንደ ሠራተኛ መደብ እንዴት እንደተናቁ ሁሉ ያስታውሳል። ስንተዋወቀው ብራዚል ውስጥ ከማዕድን ቆፋሪዎች ጋር ነው። ኬንቶች አሳድገው የጨረሱት ልጅ አይደለም። ያለ ኬንቶች ሱፐርማን የለም የሚለው ቅሬታ የመጣው ከዚህ ነው፤ ደግነቱን የተማረው ከካንሳስ እርሻ ነው ይላሉ። በ1938ቱ ገጽ ላይ ካንሳስም ኬንቶችም አልነበሩም፤ ልጁ ግን ለተበደለ የሚቆም ነበር። ከዚያ በላይ ቅሬታው የሚደብቀው ሐሳብ አለ፤ እንግዳው ደግ ሊሆን የሚችለው እኛ ካሳደግነው፣ የመጣበትን ካላስታወሰ ነው የሚል። ቋንቋውን ሳይረሳ፣ የቆመ ቤቱን እያስታወሰ መጥቶ ጥሩ ጎረቤት የሆነ ሰው ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሐሳብ ስድብ ነው።

አንዱ ቅሬታ ግን እውነት አለው። እነዚህ ድርጅቶች እንደገና የሚተርኩት ብዙ ጊዜ የሚሉት ስላላቸው አይደለም፤ ቁጥር 1 የተጻፈበት መጽሔት ስለሚሸጥ ነው። የበርን የመጀመሪያ ቁጥር በሁለት የተለያዩ ሽፋኖች ነበር የወጣው፤ ሁለቱንም የሚገዛ ሰብሳቢ እንዳለ ታውቆ። ዕቃው በየጥቂት ዓመቱ ተጠቅልሎ ሲቀርብለት የታከተው አንባቢ መታከቱ ተገቢ ነው። ታክቶት ከሆነ ታከተኝ ይበል፤ ዋናውን አረከሱት ብሎ የሌለ ቅርስ ጠባቂ አይሁን።

ዋናው የቱ ነው የሚለውን ጥያቄ ፍርድ ቤትም አይቶታል። በ2008 አንድ የፌዴራል ዳኛ የሲገል ወራሾች በአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 የቅጂ መብት ላይ ድርሻ አላቸው ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲያ የትኛው ነገር በየትኛው ገጽ መጀመሪያ ታየ የሚለው ቆጠራ የጠበቆች እንጀራ ሆነ። በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወራሾቹ ቀድሞ የተስማሙበት ውል አለ ብሎ ለዋርነር ብራዘርስ ፈረደ። ያም ሆኖ የአሜሪካ ሕግ እንዳለ ከቀጠለ ጃንዋሪ 1 ቀን 2034 ያ መጽሔት ከቅጂ መብት ይወጣል፤ ታሪኩን የፈለገ ሊተርከው ይችላል። የሚወጣው ግን በ1938 የታተመው ብቻ ነው። ክሪፕተን የሚለው ስምና ኬንቶች አንድ ዓመት ይጠብቃሉ። በርን የፈጠራት ዕቃ እስከ 2082 ተዘግታ ትቆያለች። በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም የሚፈቀደው ስም የሌላት ፕላኔት፣ ስም የሌለው አባት፣ መንገደኛው ባለመኪናና የሕፃናት ማሳደጊያው ነው።