ስለ ሆድ ሕመም ነጥብ አቈጣጠር

ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆዱ መግል የቋጠረ በሽተኛ ይተርፍ እንደ ሆነ ለመገመት፥ በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት የተሠራው የማንሃይም ነጥብ አቈጣጠር ዛሬም ያገለግላል። ከፍተኛው ድምር 47 ነው፤ ከ26 ሲያልፍ አደጋው እጅግ ይበረታል። ቁጥሩ ግን የብዙዎችን ዕድል እንጂ የአንዱን ሰው ዕጣ ስለማይናገር፥ ድምሩ በዛ ተብሎ በሽተኛን ችላ ማለት ተገቢ መስሎ አይታየንም።

እኛን ይልቁን የሚያሳስበን አንዱ መስመር ነው። ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ 5 ነጥብ ይያዝበታል (ለሴትም እንዲሁ 5)፤ ይህን ማንም አይለውጠውም። ሕመሙ ከኦፕራሲዮን በፊት ከ24 ሰዓት በላይ ሲቆይ የሚጨመረው 4 ነጥብ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው፥ በቤት ሆድ በማሳሸትና የሚያስቀምጥ መድኃኒት በማጠጣት፥ በጤና ጣቢያም ማስታገሻ እየሰጡ «እስቲ ነገ እንየው» በማለት ነው። ሆዱ ጠጥሮ የሚያቃስተውን ሰው በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል እንዲያደርሱት አንባቢዎቻችንን እንለምናለን።