ጮቄ ላይ መመለስ ፈሪነት አይደለም

«የደጋ ልጅ ነኝ፤ ከፍታ ምን ያደርገኛል?»

ይህችን አባባል ደብረ ማርቆስ ቡና እየጠጣን ስንሰማት እንስቃለን። ጮቄ ላይ ግን ሰው ልትገድል ትችላለች።

ከጦርነቱ በፊት ከአንድ የጉዞ ቡድን ጋር ጮቄ ወጥቼ ነበር። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነሣን፣ የዓባይን በረሃ አቋረጥን፣ ማርቆስ አደርን፣ በማግሥቱ ጠዋት ተራራው ላይ ነን። ብዙም ሳንቆይ አንዱ ጓደኛችን ራሱን ያዘ፤ ቀጥሎ አስታወከው። አስተባባሪው «ወንድ አይደለህም እንዴ? ጫፉ ይኸው!» አለው። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ያዳኑት በግ የሚጠብቁ አንድ አባት ናቸው። «ምነው ልጆቼ! ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድ፤ አውርዱት እንጂ!» ብለው ተቆጡን። ወደ ታች ስናወርደው እየተሻለው መጣ። እሳቸው ባይኖሩስ?

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ብርዱም ከማርቆስ በ10 ዲግሪ ገደማ ይብሳል። ደጋ መወለድ ይረዳል፤ ነገር ግን ሰውነታችን የለመደው 2,400ን እንጂ 4,000ን አይደለም። ጉልበትም ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ባዩ ስለሚቸኩል ለከፍታ ሕመም ራሱን ያጋልጣል።

«ገበሬው በየቀኑ ይወጣው የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይወጣዋል፤ እዚያው ተወልዶ አድጎበታል። ደግሞ አለባበሱን እዩ። በላዩ ገሳ፣ ከሥሩ የበግ ጠጉር ባና። እኛ ጂንስና የጥጥ ሹራብ ለብሰን እንሄዳለን፤ ጥጥ አንዴ ከራሰ ሙቀት አይሰጥም። ደመና ሲወርድ እሱ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እኛ ጅብራ ሥር ቆመን ፎቶ እንነሣለን።

ሕጉ ከባድ አይደለም። ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም። ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ተቀምጦም ካለከለከ ወዲያውኑ ይወርዳል፤ ብቻውን ግን አይላክም። ከሰዓት በኋላ ጉምና መብረቅ ስለሚመጣ ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም የመመለሻው ሰዓት ጠዋት ይነገራል፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም።

እስቲ እዚሁ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቁትን የጉዞ ማስታወቂያዎች ተመልከቱ። ትራንስፖርት አለ፣ ምሳ አለ፣ ቲሸርት አለ፣ ፎቶግራፍ አንሺ አለ። የታመመውን ማን ያወርደዋል የሚል ግን የለም። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለ ስካውት በእግር መጓዝ አይፈቀድም። ጮቄ ላይ ከአገሬው ልጆች አንዱን ከፍሎ መሪ ማድረግን እንደ ብክነት የሚቆጥር አዘጋጅ ገንዘባችንን የሚሰበስበው ለምኑ ነው?

የጮቄ ኢኮ መንደር ታኅሣሥ 2015 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ጨፍረናል። ከወራት በኋላ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። ዛሬ ማንንም ለሽርሽር ወደ ጮቄ ውጣ አልልም። «መንገዱ ሰላም ነው» የሚለውንም ወሬ ትኬት ከሚሸጠው ሳይሆን እዚያ ከሚኖረው ሰው ስሙ።

ሰላም ሲወርድ ግን አውቶብሶቹ ይመለሳሉ፤ ያቺ ሳቅም አብራ ትመለሳለች። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አዘጋጁን አራት ነገር ጠይቁት። መሪው የአካባቢው ሰው ነው? ስንት ሰዓት ላይ እንመለሳለን? የታመመ ሰው ከማን ጋር ይወርዳል? መኪናው የት ይጠብቃል?

መልስ ከሌለው ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱት።