አማካይ አይበላም

የበቆሎ ምርት በተነሣ ቁጥር የአገራችን ስም በበጎ ይጠራል፤ የሚጠራውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1980ዎቹ አንድ ሄክታር በአማካይ 15 ኩንታል ያህል ይሰጥ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ግን ከ30 ኩንታል በላይ ሰጥቷል። ይህም ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጡት ድቅል ዘሮች፥ የማዳበሪያውና የግብርና ሠራተኞች ድካም ፍሬ ነው። ይህን አለማመስገን ንፉግነት ይሆናል።

ነገር ግን ወንድሞችና እኅቶች፥ አማካይ የሚባለው ቁጥር ምን እንደሚሸሽግ እንጠይቅ። ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም በፈታ ጊዜ የጥጋቡንና የረሃቡን ዓመታት ደምሮ ለዐሥራ አራት በማካፈል «ንጉሥ ሆይ፥ በአማካይ ደኅና ነው» አላለውም። ከአምስት እጅ አንዱ በጎተራ እንዲቀመጥ መከረው እንጂ።

በእኛም አገር ጥጋብና ረሃብ ተከታትለው መጥተዋል። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ስለ ወደቀ ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠበቀ። ምርቱ እጥፍ ከሆነም በኋላ፥ በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው እጁን ለእርዳታ ዘረጋ።

አሁን ደግሞ አየሩ ራሱ እየተለወጠ ነው። በአፍሪካ ከ20 ሺህ በላይ የበቆሎ ሙከራዎችን መርምሮ በ2003 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚለው፥ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በአንድ ዲግሪ አልፎ የዋለበት እያንዳንዱ ቀን ምርቱን በመልካም ዝናብ 1 በመቶ፥ በድርቅ ጊዜ ግን 1.7 በመቶ ይቀንሰዋል። ወደ አባያ ቆላ ወርደን ብናይ፥ በቦይ ውኃ የሚጠጣው የአርባ ምንጭ ዙሪያ ማሳ ብዙው የሙዝ ሆኗል፤ ቦይ የሌለው በቆሎ ዘሪ ግን የበልጉን ሰማይ ሲያይ ይውላል። ዘሩንና ማዳበሪያውን በብድር የገዛ ሰው፥ በቆሎው ሊያብብ ሲል ዝናቡ ቢቋረጥበት፥ አዝመራው ይቀራል፤ ዕዳው ግን አይቀርም።

የጋሞ ደጋ ሰው ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ያውቀዋል። እንሰቱን በጓሮው ተክሎ ለዓመታት ያቆየዋል፤ እህል ሲታጣም ከዚያው ይበላል። ጎተራው በቁሙ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። በቆሎው ይብዛ፤ ዳሩ ግን በክፉው ዓመት ስንት ሰጠ ተብሎ ይመዘን። ዝናብ ሲቀር የብድሩ ጊዜ ይራዘም። የመስኖ ቦይ፥ ጎተራና ቶሎ የሚደርስ ዘር ከማዳበሪያው እኩል ይታሰብባቸው። ቶሎ የሚደርሰው ዘር ምርቱ ያንሳል የሚል ይኖራል፤ በመልካሙ ዓመት እውነት ነው። ነገር ግን ልጆች ያሉት ገበሬ በየዓመቱ መብላት አለበት።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ኩንታል መመዘን ሙያችን አይደለም። ቢሆንም ነገ ከመካከላችን ሪፖርት የሚጽፍ አይጠፋም። ያን ጊዜ ከአማካዩ አጠገብ የክፉውን ዓመት ቁጥር መጻፍ አንርሳ።