ድምፁ ጠፋ፤ ታዲያ ለምን ሥራ አይገባም?

ስኪዞፍሬኒያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ብቻውን የሚያወራ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው የሚል። ስለዚህ ታማሚው መድኃኒት ጀምሮ ድምፁ ሲጠፋለት ቤተሰብ "ዳነ" ይላል። ከዚያ ሌላ ክስ ይከተላል። "ዳቦ፣ ሽንኩርትና ሻማ ብዬ ልኬው ዳቦ ብቻ ይዞ መጣ!" "ሥራ ገብቶ ሳምንት አልቆየም!" "አሁንስ ስንፍና ነው!"

ጎበዝ፣ ስንፍና አይደለም። ሕመሙ ራሱ ነው። እንዲያውም ከድምፁ ይልቅ ኑሮን የሚያናጋው ይሄኛው ነው ባይ ነኝ።

ስልክ ቁጥር ተነግሯችሁ እስክትደውሉ ድረስ በአእምሯችሁ ይዛችሁ የምትቆዩባት አቅም አለች። ባለሙያዎች ወርኪንግ ሜሞሪ ይሏታል፤ እኛ የእጅ ላይ ትውስታ እንበላት። የልጅነት ጓደኛችሁን ስም ካስቀመጣችሁበት ማኅደር የተለየች ናት። ታክሲ ውስጥ መልስ ማስላት፣ ረጅም ወሬ ሰምቶ መጨረሻው ላይ መጀመሪያውን አለመርሳት፣ ሁሉም በእሷ ነው።

የየል ዩኒቨርሲቲዋ ፓትሪሺያ ጎልድማን-ራኪች ይህችን ነገር በጦጣዎች ላይ ለዓመታት አጥንተዋል። ስክሪን ላይ አንድ ነጥብ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ጦጣዋ ጥቂት ሰከንድ ጠብቃ ነጥቡ ወደነበረበት መመልከት አለባት። ነጥቡ በሌለበት በእነዚያ ሰከንዶች ከግንባር ጀርባ ያሉ አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ዝም አይሉም። እርስ በርስ እየተቀባበሉ የጠፋውን ነጥብ ይዘውት ይቆያሉ። ሌሎች ሴሎች ደግሞ ጋባ በሚባለው ንጥረ ነገር ረባሹን ጸጥ እያሰኙ ምቱን ያስጠብቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሶሂ ፓርክና ፊሊፕ ሆልዝማን ተመሳሳይ ፈተና ለስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ሰጡ። ነጥቡ ፊታቸው ሳለ አልተቸገሩም፤ ጠፍቶ ጥቂት ሲቆይ ግን ይስቱ ጀመር። በኋላ እነ ዴቪድ ሉዊስ ፒትስበርግ ላይ የሟች ታማሚዎችን አንጎል ሲመረምሩ፣ ምት ጠባቂዎቹ ሴሎች ጋባ የሚሠሩበት ኢንዛይም ቀንሶ አገኙት። ከበሮ መቺው የደከመበት ዝማሬ በሉት፤ ዘማሪው ሁሉ አለ፣ ግን አብሮ አይሄድም። ከአንጎል መሐል ካለው ታላመስ ጋር የሚያገናኘው መስመርም ላልቶ ታይቷል።

አብዛኞቹ መድኃኒቶች የሚሠሩት ዶፓሚን ላይ ነው። ድምፁን ያበርዳሉ (ማንም እንዳያቋርጣቸው!)፣ የእጅ ላይ ትውስታን ግን እምብዛም አያድኑም። ለዚሁ ችግር ተስፋ የተጣለበት አይክለፐርቲን የተባለ መድኃኒትም በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በትልልቅ ሙከራዎቹ ሳይሳካለት ቀረ።

ስለዚህ ክኒኑን ብቻ አንጠብቅ። በእኛው አገር፣ በሶዶ ወረዳ፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ ታማሚዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ቤት ድረስ እየሄዱ ለአንድ ዓመት ደገፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ የዕለት ኑሯቸውን የማከናወን አቅማቸው የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ተሽሎ ተገኘ። እንግዲህ ተመራማሪ ያልሆንነውም የምንችለው ነገር አለ፤ አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ሌላ አለማዘዝ፣ የሚገዛውን በወረቀት ጽፎ መስጠት። አለቃ የሆናችሁ ደግሞ፣ ትእዛዛችሁን በጽሑፍ ብትሰጡት ስንት ብር ያስወጣችኋል?