ስም የለሹ ዘማች በአምስት ሳንቲ ሜትር

የፋሺስት ጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. አካባቢ፣ ብሪቴይንስ የተባለው የለንደን ፋብሪካ የኢትዮጵያ ወታደሮችን ከእርሳስ እየቀረጸ፣ በእጅ ቀለም እያስቀባ፣ በሣጥን እያሸገ ለገበያ አቅርቦ ነበር። አንዱ ሣጥን የንጉሠ ነገሥቱን ክቡር ዘበኛ ይዟል፤ ሌላው ደግሞ ፋብሪካው የጎሳ ተዋጊዎች ብሎ የሰየማቸውን። የጣሊያን ወታደሮችም በዚያው ዘመን ከዚያው ፋብሪካ ወጥተዋል። የለንደን ልጅ ሁለቱንም ወገን ገዝቶ ምንጣፍ ላይ ማዋጋት ይችል ነበር። ዛሬ እነዚያ ሣጥኖች የሰብሳቢዎች ሀብት ናቸው። የእኛ ዘማች በትንሹ ተቀርጾ ዓለምን ሲዞር፣ መልኩን፣ ልብሱንና አቋሙን የወሰነው ማይጨውን ያላየ እጅ ነበር። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል፤ በእጅ ቀለም የተቀቡ ትንንሽ የወታደር ቅርጾችን መሥራትና መሰብሰብ ለኢትዮጵያ ቅንጦት አይደለም። ሐውልቱም ሸራውም አልፎት የሚሄደውን ተራ ዘማች በዝርዝር እንድናውቀው የሚያስገድድ የታሪክ ምርመራ ዘዴ ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከአዲስ አበባው ቦሌ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

የትንንሽ ወታደር ጥበብ በአውሮፓ ረጅም ዕድሜ አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዮሐን ሂልፐርት የተባለ የኑረምበርግ ባለሙያ የፕሩሲያውን ንጉሥ የታላቁን ፍሬድሪክ ወታደሮች ከቆርቆሮ በጠፍጣፋው ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ደግሞ ዊልያም ብሪቴይን ውስጡ ክፍት የሆነ ቅርጽ የሚወጣበትን ዘዴ ፈጠረ። የቀለጠው እርሳስ የቅርጽ ማውጫውን ግድግዳ ይዞ ሲረጋ ቀሪው ተመልሶ ይፈሳል፤ ስለዚህ ወታደሩ ቀላልና ርካሽ ሆነ። የብሪቴይን ወታደር ቁመት 54 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ መጠን እስከ ዛሬ የሰብሳቢዎች ዋነኛ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የእርሳስ አሻንጉሊት ለልጆች ጤና ጎጂ መሆኑ ታውቆ ሲቀር፣ ጥበቡ ከልጆች እጅ ወጥቶ በአዋቂዎች ጠረጴዛ ላይ ተደላደለ። ከዚያ በኋላ የሰብሳቢው ጥያቄ ተለወጠ። ልጅ ወታደሩ እንዲቆምለት ብቻ ይፈልጋል። አዋቂው ግን የኮሌታው ቀለም ትክክል መሆን አለመሆኑን፣ ያ ጠመንጃ በዚያ ዓመት በዚያ ክፍለ ጦር እጅ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል።

ይህ ጥያቄ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል የእንግሊዛዊው መኮንን የዊልያም ሲቦርን ሥራ ያሳያል። ሲቦርን እ.ኤ.አ. በ1815 የተካሄደውን የዋተርሉ ጦርነት በሞዴል እንዲሠራ በ1830 ታዘዘ። ለወራት እዚያው ተቀምጦ መሬቱን ለካ፤ ከዚያም ከውጊያው ለተረፉ መኮንኖች ደብዳቤ ጻፈ። ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ ክፍላችሁ የት ነበር? ፊት ለፊታችሁ የነበረው ጠላት ማን ነበር? ማሳው ላይ የነበረው ሰብል ምን ነበር? እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቀው እያንዳንዱን ትንሽ ወታደር አንድ ቦታ ላይ ማቆም ግዴታ የሆነበት ሰው ብቻ ነው። በ1838 ለሕዝብ የታየው ሞዴል ከ70,000 በላይ ትንንሽ ወታደሮች ነበሩት። የእንግሊዝ አጋር የነበሩት የፕሩሲያ ወታደሮች ቦታና ብዛት የድሉን ክብር ለማን እንደሚሰጥ ስለሚወስን ግን ሥራው ከእንግሊዙ አዛዥ ከዌሊንግተን ወገን ጋር አጋጨው፤ በኋላም ብዙ የፕሩሲያ ወታደሮችን ከሞዴሉ እስከ ማንሣት ደረሰ። ሞዴሉ ዛሬ በለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል። የመኮንኖቹ መልሶች ግን ከሞዴሉ ይበልጣሉ፤ ያለ እነርሱ ስለ ዋተርሉ የሚጽፍ የታሪክ ሰው የለም። ትንሹ ወታደር ጥያቄ ወለደ፤ ጥያቄውም ማስረጃ ሰበሰበ።

እኛስ ጦርነትን በትንንሽ ሰዎች የመሣል ልማድ የለንም ወይ? አለን፤ ያውም የከበረ። የዐድዋ ሥዕል ከመቶ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች እንጀራና ኩራት ሆኖ ኖሯል። እንደ በላቸው ይመር ያሉ የቀድሞ ባለሙያዎች የቤተ ክርስቲያንን ብሩሽ ለገበያና ለመኳንንት ቤት አዋሉት። የሥዕሎቹ ሥርዓት ለሁላችንም የታወቀ ነው። ውጊያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ በ23 ስለዋለ ቅዱሱ በነጭ ፈረሱ ከሰማይ ይታያል። የኢትዮጵያ ጦር አብዛኛውን ጊዜ ከግራ፣ የጣሊያን ጦር ከቀኝ ይሰለፋል። ዐፄ ምኒልክ በጥላ ሥር ናቸው፤ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ደጉ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ሲሣል ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ የዐድዋ ሠዓሊም ወገንና ጠላትን የለየው በዚሁ ወግ ነው። እነዚህን ሥዕሎች የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በስድስት ኪሎ፣ የብሪታንያ ሙዚየም ደግሞ በለንደን ይዘዋቸዋል። የድሉን ትርጉም እንደ ሥዕሉ አድርጎ የነገረን ሌላ የጥበብ ሥራ የለም።

ትርጉምን መንገርና ዝርዝርን መመርመር ግን ሁለት ሥራ ናቸው። በዐድዋ ሥዕል ውስጥ በስም የሚጠሩት ንጉሠ ነገሥቱ፣ እቴጌይቱ፣ ራሶቹና ደጃዝማቾቹ ናቸው፤ ሌላው ከበስተኋላ የተደረደረ ረድፍ ነው፤ አንዱ ፊት ከሌላው አይለይም። ሠዓሊው አጠፋ ማለት አይቻልም፤ ሸራው የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና። ይሁን እንጂ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ሲሰለፍ አብዛኛው ማዕረግ አልነበረውም። ስንቁን ራሱ ተሸክሞ ወይም በቅሎና አህያ ጭኖ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሐረር ወራት የፈጀ መንገድ ተጉዟል። ወፍጮ የፈጩ፣ እንጀራ የጋገሩ፣ ውሃ በእንስራ ያመላለሱ ሴቶች አብረውት ዘምተዋል። ቅርጽ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ አልፎ መሄድ አይችልም። አምስት ሳንቲ ሜትር ለሆነ ራስና አምስት ሳንቲ ሜትር ለሆነ ባላገር የሚያስፈልገው ድካም እኩል ነው፤ ባላገሩም የራሱ ፊት፣ የራሱ እጅ፣ የራሱ እግር ይኖረዋል።

እስቲ አንድ እንዲህ ያለ ዘማች ጠረጴዛ ላይ አቁመን እንየው። ሸማው ነጭ ነው፤ ግን በትንሽ ቅርጽ ላይ ደማቅ ነጭ ብቻ የቀባ ሰው ኖራ የተለሰነ ግንብ ያወጣል። እጥፋቱ መጀመሪያ ግራጫና ቡናማ ቅልቅል ይፈልጋል፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየነጣ ከትከሻና ከጉልበት ላይ ብቻ ጥሩ ነጭ ያርፍበታል። ጥለቱ በቀጭን ብሩሽ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰመር ቀይ መስመር ነው። እግሩ ባዶ ስለሆነ ጣቶቹ መታየት አለባቸው፤ የመንገዱ አቧራም እስከ ቁርጭምጭሚት መውጣት አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የያዘው ጠመንጃ ነው። ሬሚንግተን ነው? የፈረንሳዩ ግራ ነው? የሩሲያው በርዳን ነው? ወይስ በውጫሌ ውል ወዳጅነት ዘመን ከራሷ ከጣሊያን የመጣ? መልሱ እንደ አለቃው፣ እንደ አገሩና እንደ ዕድሉ ይለያያል። የልብሱና የመሣሪያው አንድ ዓይነት አለመሆን የድህነት ምልክት ብቻ ተደርጎ ሲነገር ኖሯል። ቀራጩ ግን ሌላ ነገር ያገኛል፤ ያ ሠራዊት በክተት ዐዋጅ፣ በየመኳንንቱ ሥር፣ ሰው ከነመሣሪያው የሚጠራበት አደረጃጀት ነበር፤ ልብሱም አደረጃጀቱን ይናገራል።

የዘመናት ስብስብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይጎላል። ከዐድዋው ዘማች ጎን የማይጨው ክቡር ዘበኛ ይቁም፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተዋጋው ይህ ወታደር ካኪ ዩኒፎርም ለብሶ፣ በቤልጅጎች ሠልጥኖ፣ እግሩ ግን ገና ባዶ ነው። ቀጥሎ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የሄደው የቃኘው ሻለቃ ወታደር ይምጣ። እርሱ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎ የብረት ቆብ፣ ቦት ጫማና የአሜሪካ መሣሪያ ይዟል። ቃኘው በኮርያ 121 ሰው ሰውቶ አንድም ምርኮኛ አላስማረከም። ከዐድዋ እስከ ኮርያ 55 ዓመት ብቻ ነው። ሦስቱ ወታደሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ራሱን አስታጥቆ የሚዘምት ሕዝብ እንዴት ደመወዝተኛ ሠራዊት ያለው መንግሥት እንደ ሆነ፣ ጫማ ዩኒፎርሙን ተከትሎ ስንት ዓመት ዘግይቶ እንደ መጣ፣ የመሣሪያው ምንጭ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደ ተዛወረ በአንድ እይታ ይነበባል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ያጎደላቸው ቤቶች ገና በሐዘን ላይ ሳሉ፣ ወታደርን ጌጥ አድርጎ መደርደር ጦርነትን ማሳመር አይሆንም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለበት፤ ስለዚህም ለሥራው ወሰን ያበጅለታል። ቁስሉ ያልደረቀ ጦርነት ለመደርደሪያ አይሆንም። የቆየውን በሚመለከት ግን ጦርነትን የሚያሳምረው ርቀት ነው። ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ሠራዊት የተሰለፈ ግርማ ነው፤ ቀረብ ሲባል ረሃብና ቁስል ያለበት ሰው ይታያል። ደግሞም ሐቀኛ ስብስብ ከሸራው ይልቅ ሁለቱንም ወገን ለማየት ይገደዳል። በዐድዋ ከጣሊያኑ አዛዥ ከጄኔራል ባራቲየሪ 17,700 ያህል ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ የቀይ ባሕር ማዶን ያላዩ፣ ቀይ ታርቡሽ ያደረጉ አስካሪዎች (ለጣሊያን የተሰለፉ የአገሬው ወታደሮች)፣ የእኛው ወንድሞች ነበሩ። ከተማረኩት መካከል ወደ 800 የሚጠጉት ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆርጠዋል። የዐድዋ ስብስብ አስካሪውን ከነፊቱ ካላቆመ ጎዶሎ ነው፤ ካቆመው ደግሞ ተመልካቹ ስለ ድሉ ሲያስብ ስለ ዋጋውም ያስባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ነገሩ የፈረንጅ ትርፍ ጊዜ ነው፣ ለእኛ ኪስም አይሆንም የሚል ነው። ከውጭ በዶላር ለሚገዛው ቅርጽና ቀለም እውነት ነው። ጥበቡ ግን በአብዛኛው የሚጠይቀው እጅና ጊዜ ሲሆን፣ እጁ በአገር አለ። መስቀል በሰም ቀርጾ ብረት የሚያፈስ ባለሙያ አለን። አንገት ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ እንጨት የእመቤታችንን ፊት ከነዓይን ሽፋሏ የሚሥል ሠዓሊ አለን። የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ቀራጮችን ያስመርቃል። የጎደለው እነዚህን ከገዢ ጋር የሚያገናኝ ቦታ ነው። ቦሌን የምመርጠውም ለዚህ ነው። ከመስቀል አደባባይ እስከ ኤርፖርቱ በሚዘረጋው መንገድ እንደ ማኩሽ ያለ ጋለሪ የኢትዮጵያን ሥዕል ለገዢ ሲያቀርብ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ደግሞ የአገር ውስጥ ሠዓሊን ከዓለም ገበያ ጋር አስተሳስሯል። ከውጭ የሚመለሰው ወገን የሚያርፈውና ለልጆቹ የአገሩን ታሪክ የሚያስይዝ ነገር የሚፈልገው በዚሁ አካባቢ ነው። ምሥራቁ የከተማው ክፍል፣ ከገርጂ እስከ ሰሚትና አያት፣ በኮንዶሚኒየም የተሞላ ነው። ሁለት ሜትር የሚሆን የዐድዋ ሸራ በጠባብ ሳሎን ግድግዳ ላይ ቦታ አያገኝም፤ ዐሥር ዘማቾች ግን ከመጻሕፍት መደርደሪያ አንድ ክንድ ቦታ ይበቃቸዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ሙዚየሙ ያስፈልግ ነበር፤ በመዘግየቱ እንጂ በመሠራቱ የሚያዝን የለም። የመንግሥት ሙዚየም ግን አንድ ትረካ ይዞ ሕዝብን የሚያስጎበኝ ተቋም ነው፤ በየዓመቱ ተሳስቼ ነበር ብሎ ሐውልት አያፈርስም። ሰብሳቢ ግን ጠመንጃው ያ እንዳልነበረ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሲያገኝ ቅርጹን ያርማል፤ ከሌላ ሰብሳቢ ጋር ይከራከራል፤ በክርክሩም ምንጭ ይገለጣል። ምንጮቹ ደግሞ በእጃችን ናቸው። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል አለ፤ በልጅነታቸው ዐድዋ የዘመቱት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ አለ፤ የዘመኑ ፎቶግራፎች፣ በየቤቱ የተሰቀሉ ጎራዴዎችና ጋሻዎች አሉ። ሲቦርን የጠየቃቸው መኮንኖች በሕይወት ነበሩ፤ የእኛ ዘማቾች ግን አልፈዋል፤ ቢሆንም የለበሱትና የያዙት ገና አልጠፋም።

ስለዚህ ጅማሬው ትንሽና ግልጽ ቢሆን ይበጃል። አንድ የቦሌ ጋለሪ፣ ሁለት ሦስት ቀራጮችና ሠዓሊዎች፣ አንድ የታሪክ አማካሪ ተገናኝተው መጀመሪያ ስም የሌላቸውን ይሥሩ፤ እግረኛውን፣ እንስራ የተሸከመችውን ሴት፣ በቅሎ የሚነዳውን ልጅ፣ አስካሪውን። ራሶቹ በኋላ ይደርሳሉ፤ እነርሱን የሚሥል ምንጊዜም አይጠፋም። ከእያንዳንዱ ቅርጽ ጋር ልብሱና መሣሪያው ከየት ማስረጃ እንደተወሰደ የሚገልጽ ወረቀት ይኑር፤ ያለዚያ ወረቀት የሚሸጠው አሻንጉሊት ነው። የዘማቹን መልክ አንድ ጊዜ የለንደን ፋብሪካ ወስኖልናል። ራሳችን ካልወሰንነው ነገም በስሪዲ ፕሪንተር የሚያትም ሌላ አገር ይወስንልናል፤ ልጆቻችንም አያቶቻቸውን ከዚያ ሰው እጅ ይገዛሉ።